አንዴ ፍሪ አድርጌ «ደብል ፍሪ» የሚለኝ ለምንድን ነው? በሲ ለማትሪክስ ሜሞሪ መያዝና መልቀቅ

ጥያቄ፦ «የረድፉንና የዓምዱን ብዛት ከተጠቃሚ ተቀብሎ የኢንት ማትሪክስ የሚሞላ ፕሮግራም በሲ ጻፍኩ። ማሽኔ 64 ቢት ሊኑክስ ነው፤ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ። 3 በ4 ስሰጠው ያለ እንከን ይሠራል። 4 በ4 ስሰጠው ማትሪክሱን በትክክል ያትምና ፍሪ ላይ ሲደርስ ‹ደብል ፍሪ ኦር ከረፕሽን (አውት)› ብሎ ይሞታል። እኔ ግን እያንዳንዱን ረድፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፍሪ ያደረግኩት። 1000 በ1000 ሲሆን ደግሞ ገና እየሞላ ሳለ ‹ሰግመንቴሽን ፎልት› ይላል። የሚገርመው፣ ኢንት ያለውን ሁሉ ዳብል ብዬ ስቀይረው ሁሉም ይሠራል። ሜሞሪ አንሶኝ ነው? ትክክለኛው አያያዝስ የቱ ነው?» የተላከው ኮድ ይህ ነው፦

ኢንት **ሀ = ማሎክ(ረድፍ * ሳይዝኦፍ(ኢንት));
ፎር (ኢንት ኢ = 0; ኢ < ረድፍ; ኢ++)
    ሀ[ኢ] = ማሎክ(ዓምድ * ሳይዝኦፍ(ኢንት));

መልስ፦ (የሲን ቃላት እዚህ በአነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፤ ስትሞክራቸው በለመድከው ፊደል ትተካቸዋለህ። ማሎክ ሜሞሪ ይይዛል፣ ፍሪ ይለቃል፣ ሳይዝኦፍ የአንድን ነገር መጠን በባይት ይሰጣል።)

ሜሞሪ አላነሰህም። 1000 በ1000 የኢንት ማትሪክስ 4,000,000 ባይት ነው፤ የትኛውም ላፕቶፕ ሳይሰማው ይሰጥሃል። ጥፋቱ ያለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፤ የጎደለችውም አንዲት ኮከብ ናት። ፍንጩን ደግሞ ራስህ ጽፈኸዋል፤ «ዳብል ሳደርገው ይሠራል» ያልከው ላይ።

ሀ ራሱ ቁጥር አይዝም። የረድፎችን አድራሻ የሚይዝ ሠንጠረዥ ነው፤ በየክፍሉ የሚቀመጠው ኢንት ሳይሆን ኢንት ወዳለበት የሚያመለክት ፖይንተር ነው። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ፖይንተር 8 ባይት ነው፣ ኢንት 4። አንተ ማሎክን የጠየቅከው ግን በሳይዝኦፍ(ኢንት) አባዝተህ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ የያዘው ከሚያስፈልገው ትክክል ግማሹን ነው፤ የቀሩት ፖይንተሮች የሚጻፉት ባልጠየቅከው ቦታ ላይ ነው። ዳብል ሲሆን ሳይዝኦፍ(ዳብል) 8 ነው፣ ፖይንተርም 8 ነው። ስህተቱ አልተነሣም፤ ቁጥሮቹ በአጋጣሚ ስለገጠሙ ተሸፈነ እንጂ። ያንኑ የዳብል ኮድ ፖይንተር 4 ባይት በሆነበት 32 ቢት ማሽን ላይ ብታስኬደው ደግሞ ሠንጠረዡ በከንቱ እጥፍ ይሆናል።

ታዲያ 3 በ4 ለምን ሠራ? ጂሊብሲ፣ ማለትም አብዛኛው ሊኑክስ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ፣ የጠየቅከውን ባይት በልኩ አይቆርስም። እያንዳንዱ ቁራጭ መጠኑ የሚመዘገብበት 8 ባይት ከፊቱ አለው፣ ጠቅላላው ወደ 16 ብዜት ይጠጋጋል፣ ከ32 ባይትም አያንስም። ከ32ቱ ለአንተ የሚሆነው 24 ነው። ለ3 ረድፍ 12 ባይት ጠየቅክ፣ 24 ሰጠህ፤ ሦስት ፖይንተር ደግሞ 24 ባይት ነው። ልክክ አለ። ፕሮግራሙ ትክክል ሆኖ ሳይሆን ላይብረሪው ቸር ሆኖ ነው የሠራው።

ለ4 ረድፍ 16 ባይት ጠየቅክ፤ የተሰጠህ አሁንም 24 ነው፣ የሚያስፈልግህ ግን 32። የመጨረሻው ፖይንተር ሀ[3] ከሠንጠረዡ መነሻ 24 ባይት አልፎ ይጻፋል። እዚያ ቦታ ላይ ያለው፣ ከሠንጠረዡ ቀጥሎ የተያዘው የረድፍ 0 ቁራጭ መጠን የተመዘገበበት 8 ባይት ነው። መጠኑ ተሰረዘና በቦታው የረድፍ 3 አድራሻ ተቀመጠ። የማትሪክሱ ቁጥሮች ግን አልተነኩም፤ በትክክል የሚታተሙት ለዚህ ነው። ፍሪ(ሀ[0]) ስትል ላይብረሪው መጠኑን ያነባል፣ አድራሻውን እንደ መጠን ይወስደዋል፣ ቀጣዩ ቁራጭ የሚጀምርበትን ሲያሰላ ከሂፑ (ማሎክ ሜሞሪ ከሚሰጥበት ክልል) ድንበር ወዲያ ያርፋል። በመልእክቱ መጨረሻ ላይ ያለው «አውት» ይህንኑ ነው የሚለው። መልእክቱን በጥሞና ካነበብከው «ሁለቴ ለቀቅህ፣ ወይም መዝገቡ ተበላሽቷል» ነው፤ አንተ ላይ የደረሰው ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ አንብቦ ፍሪዎቹን አንድ በአንድ ሲያጠፋ ይውላል። ፍሪውን ማጥፋት መልእክቱን ያጠፋዋል፣ በሽታውን ግን አይነካውም።

1000 በ1000 ላይ ጉዳቱ ወደ ማትሪክሱ ውስጥ ይዘልቃል። ሠንጠረዡ 4000 ባይት ጠየቀ፣ 4008 አገኘ፤ ከሀ[0] እስከ ሀ[500] ያሉት ይገቡበታል። ሀ[501] የረድፍ 0ን የመጠን መዝገብ ያጠፋል። ከሀ[502] ወዲያ ያሉት ፖይንተሮች የተጻፉት ግን በራሱ በረድፍ 0 ውስጥ፣ ቁጥር ሊቀመጥበት በታሰበው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ረድፍ 0ን መሙላት ስትጀምር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢንቶች የሀ[502]ን አድራሻ ይደመስሱታል፣ ቀጣዮቹ ሁለት የሀ[503]ን፣ እያለ ይሄዳል። ሉፑ ረድፍ 502 ላይ ሲደርስ አድራሻ ብሎ የሚያነበው አንተ የሞላኸውን ቁጥር ነው፤ ሰግመንቴሽን ፎልቱ ከዚያ ይመጣል። ስህተቱ መስመር አንድ ላይ ተሠርቶ የሚታየው ሌላ ሉፕ ውስጥ መሆኑን ልብ በል፤ የሂፕ ስህተት ጠባዩ ይህ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነው፦

ኢንት **ሀ = ማሎክ(ረድፍ * ሳይዝኦፍ *ሀ);
ሀ[ኢ] = ማሎክ(ዓምድ * ሳይዝኦፍ *ሀ[ኢ]);

ሳይዝኦፍ(ኢንት *) ብለህ ብትጽፍም ይሠራል፤ ግን ይህኛውን ልመድ። ሳይዝኦፍ *ሀ ማለት «ሀ የሚያመለክተው ነገር መጠን» ማለት ነው፤ የዓይነቱን ስም ደግመህ ስለማትጽፍ ልትሳሳትበት አትችልም። ነገ ኢንቱን ወደ ሎንግ ብትቀይረው የምትነካው መግለጫውን ብቻ ነው። ሳይዝኦፍ ፖይንተሩን በተግባር አይከተለውም፣ ዓይነቱን ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ሀ ገና ዋጋ ሳይኖረው ብትጠቀምበት አደጋ የለውም። ከማሎክ ፊት (ኢንት **) የሚል ካስት (የዓይነት መቀየሪያ) መጻፍም በሲ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። በቀድሞው ሲ ካስቱ ጉዳትም ነበረው፦ ኤስቲዲሊብ የሚባለውን ሄደር ፋይል ማካተት ከተረሳ ኮምፓይለሩ ማሎክ ኢንት ይመልሳል ብሎ ይገምታል፣ የ8 ባይቱ አድራሻ በ4 ባይት ይቆረጣል፣ ካስቱም ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኘዋል።

አሁን ስለ መልቀቅ። በዚህ አያያዝ ረድፎቹን አስቀድመህ ሠንጠረዡን ታስከትላለህ። ፍሪ(ሀ) ካስቀደምክ ረድፎቹን ለመልቀቅ ሀ[0]ን ታነባለህ፤ ያ ቦታ ግን የአንተ መሆኑ ቀርቷል። ጂሊብሲ የተለቀቀ ትንሽ ቁራጭ የመጀመሪያ 16 ባይት ላይ ለራሱ ዝርዝር የሚሆን መረጃ ይጽፋል፤ ስለዚህ ሀ[0] እና ሀ[1] ይበላሻሉ፣ ሀ[2] ደኅና ይመስላል። እንዲህ ያለ ግማሽ ጤነኛ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ከሞተው ይብሳል።

ማሎክ መሐል ላይ ነል (ባዶ አድራሻ፣ ማለትም «አልተሳካም») ቢመልስስ? ረድፍ 700 ላይ ሜሞሪ አለቀ እንበል። 700 ረድፎች በእጅህ ናቸው፤ ዝም ብለህ ነል መልሰህ ብትወጣ ሁሉም ይቀልጣሉ። ወደ ኋላ እየቆጠርክ የያዝካቸውን ብቻ መልቀቅ አለብህ፦

ኢፍ (ሀ[ኢ] == ነል) {
    ዋይል (ኢ > 0) ፍሪ(ሀ[--ኢ]);
    ፍሪ(ሀ);
    ሪተርን ነል;
}

ይህን ሁሉ ከጻፍኩልህ በኋላ ግን፣ ለተራ ባለአራት ማዕዘን ማትሪክስ ይህን አያያዝ አልመክርህም። በየመማሪያው ስለሚገኝና ሀ[ኢ][ጄ] ብሎ ለመጻፍ ስለሚመች ተስፋፋ እንጂ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ቦታውን የሚያገኘው ረድፎቹ የተለያየ ርዝመት ሲኖራቸው ነው፤ ለምሳሌ የጽሑፍ መስመሮችን ስትይዝ። ለማትሪክስ አንድ ወጥ ቁራጭ ያዝ፦

ኢንት *ሀ = ማሎክ(ሳይዝኦፍ *ሀ * ረድፍ * ዓምድ);
ሀ[ኢ * ዓምድ + ጄ] = 7;
ፍሪ(ሀ);

አንድ ማሎክ፣ አንድ የነል ፍተሻ፣ አንድ ፍሪ። መሐል ላይ የሚከሽፍ ነገር የለም፤ ወይ ሁሉም ተገኘ ወይ ምንም አልተገኘም። በቀመሩ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፤ ኢ የሚባዛው በዓምድ ብዛት ነው፣ በረድፍ ብዛት አይደለም። ረድፍ ኢ ላይ ለመድረስ ኢ ሙሉ ረድፎችን ትዘላለህ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ የዓምድ ብዛት ያህል ቁጥር አለው። ማትሪክሱ 4 በ4 ከሆነ ሁለቱም ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጡ ስህተቱ አይታይም። ስለዚህ ስትሞክር ሁልጊዜ ካሬ ባልሆነ፣ ለምሳሌ በ3 በ5፣ ሞክር።

የሜሞሪ ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 1,000,000 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 3 ዳብል ያለው ማትሪክስ (የነጥቦች መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው) በወጥ ቁራጭ 24,000,000 ባይት ነው። በየረድፉ ማሎክ ከሆነ 24 ባይቱ 32 ባይት ይወስዳል፣ በሠንጠረዡ ላይ ደግሞ 8 ይጨመራል፤ በጠቅላላው 40,000,000 ባይት ገደማ። በዚያ ላይ አንድ ሚሊዮን ማሎክ፣ አንድ ሚሊዮን ፍሪ። ረድፎቹ ረጃጅም ሲሆኑ ግን ይህ ብክነት ከቁጥር አይገባም፤ በ1000 በ1000 ዳብል ላይ ከግማሽ በመቶ በታች ነው።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበው ፍጥነቱ ነው። በተለመዱት ፕሮሰሰሮች ላይ ከራም ወደ ካሽ የሚመጣው ሜሞሪ በ64 ባይት በ64 ባይት ነው፤ አንዱን ኢንት ስታነብ ጎረቤቶቹ 15 ኢንቶች አብረው ይመጣሉ። ረድፍ በረድፍ ከሄድክ አንዱን ከፍለህ አሥራ ስድስቱን ታገኛለህ። የውጭውን ሉፕ ጄ፣ የውስጡን ኢ አድርገህ ዓምድ በዓምድ ከወረድክ ግን በ1000 ዓምድ ማትሪክስ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ 4000 ባይት ይዘላል። አንድ የሜሞሪ ገጽ 4096 ባይት ስለሆነ በየእርምጃው ወደ ሌላ ገጽ ትሻገራለህ ማለት ይቻላል። ሁለት ማትሪክስ ስታባዛም ይኸው ነው። በሂሳብ ደብተር እንደተለመደው ኢ፣ ጄ፣ ኬ በሚል ቅደም ተከተል ከሄድክ የውስጠኛው ሉፕ ሁለተኛውን ማትሪክስ በዓምድ ይወርደዋል። ቅደም ተከተሉን ኢ፣ ኬ፣ ጄ አድርገው፤ የምትሠራው የብዜት ቁጥር አይለወጥም፣ ሁሉም ማትሪክስ ግን በረድፍ ይነበባል። ውጤቱን በየጊዜው ስለምትደምርበት የውጤቱን ማትሪክስ አስቀድመህ ዜሮ ማድረግህን ብቻ አትርሳ።

ሌላም ምክንያት አለ። ብላስና ላፓክ የሚባሉት የሊኒየር አልጀብራ ላይብረሪዎች ማትሪክስን የሚቀበሉት በአንድ መነሻ አድራሻና በአንድ የዝላይ ቁጥር ነው። ባለሁለት ኮከብ ሠንጠረዥ ቢሰጣቸው የፖይንተሮችን አድራሻ እንደ ቁጥር ነው የሚያነቡት። ከፎርትራን ስለመጡ በልማዳቸው የሚጠብቁት ዓምድ በዓምድ የተደረደረ መሆኑንም እግረ መንገድህን ያዝ፤ በሲ የተዘጋጀው የብላስ መጥሪያ በረድፍ መደርደሩን በአንድ ምርጫ ይቀበልሃል።

«ሀ[ኢ][ጄ] ብዬ ካልጻፍኩ ይጨንቀኛል» ካልክ ሁለት መውጫ አለህ። አንደኛው ሠንጠረዡን ሳይተዉ ቁጥሮቹን በወጥ ቁራጭ መያዝ ነው፦

ኢንት **ሀ = ማሎክ(ረድፍ * ሳይዝኦፍ *ሀ);
ሀ[0] = ማሎክ(ሳይዝኦፍ **ሀ * ረድፍ * ዓምድ);
ፎር (ኢንት ኢ = 1; ኢ < ረድፍ; ኢ++)
    ሀ[ኢ] = ሀ[ኢ - 1] + ዓምድ;

(የነል ፍተሻውን ለማሳጠር ትቼዋለሁ፤ አንተ አትተወው።) ስትለቅ ፍሪ(ሀ[0])፣ ከዚያ ፍሪ(ሀ)። ሀ[1]ን ወይም ሀ[2]ን ለብቻ ፍሪ ማድረግ ክልክል ነው፤ የቁራጭ መነሻ ሳይሆኑ የአንዱ ቁራጭ መሐል ናቸው። የዚህ አያያዝ ውበት ረድፍ ማቀያየር ነው፦ የጋውስ ኤሊሚኔሽን ስትሠራ ሁለት ረድፎችን ለመለዋወጥ ሺህ ቁጥር ከመገልበጥ ሁለት ፖይንተር ታቀያይራለህ። ወጥመዱም እዚያው ነው። ረድፍ 0ን ከረድፍ 2 ጋር ካቀያየርክ ሀ[0] የቁራጩ መነሻ መሆኑ አከተመ፤ መጨረሻ ላይ ፍሪ(ሀ[0]) ስትል ላይብረሪው እንደ «ኢንቫሊድ ፖይንተር» ባለ መልእክት ሊያቆምህ ይችላል። ስለዚህ መነሻውን በሌላ ስም፣ ለምሳሌ «መነሻ» በሚል ፖይንተር፣ ለብቻው አስቀምጠህ በመጨረሻ ያንን ልቀቅ።

ሁለተኛው መውጫ ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነው፦

ኢንት (*ሀ)[ዓምድ] = ማሎክ(ሳይዝኦፍ(ኢንት[ረድፍ][ዓምድ]));

ሀ እዚህ «ዓምድ ያህል ኢንት ወዳለበት ድርድር የሚያመለክት ፖይንተር» ነው። ሠንጠረዥ የለም፣ ወጥ ቁራጭ ነው፣ ሀ[ኢ][ጄ] ይሠራል፣ ማባዛቱን ኮምፓይለሩ ራሱ ያከናውነዋል፣ መልቀቂያውም አንድ ፍሪ(ሀ) ነው። ቅንፉን ከረሳህ ትርጉሙ ተገልብጦ የፖይንተሮች ድርድር ይሆናል። ለፈንክሽን ስታስተላልፈው መጠኖቹ ከማትሪክሱ ይቅደሙ፦ ቮይድ ሙላ(ኢንት ረድፍ, ኢንት ዓምድ, ኢንት ሀ[ረድፍ][ዓምድ])። ይህ አጻጻፍ የመጣው በሲ 99 ነው፤ ሲ 11 ለኮምፓይለሮች ውዴታ አደረገው፣ ሲ 23 ደግሞ የፖይንተሩን ዓይነት መልሶ ግዴታ አደረገው። ጂሲሲና ክላንግ ይቀበሉታል፤ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር አይቀበለውም። ፕሮግራምህ ዊንዶውስ ላይ በዚያ ኮምፓይለር መሠራት ካለበት ይህን ተወው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ያለ ማሎክ በቀጥታ ኢንት ሀ[ረድፍ][ዓምድ]; ብለህ በፈንክሽን ውስጥ ብትጽፍ ማትሪክሱ ሂፕ ላይ ሳይሆን ስታክ (የፈንክሽን የራሱ ተለዋዋጮች የሚቀመጡበት ውስን ቦታ) ላይ ይቀመጣል። የስታክ ወሰን በሊኑክስ በተለመደው አቀማመጥ 8 ሜጋባይት ነው፣ በዊንዶውስ 1 ሜጋባይት። 1024 በ1024 ዳብል 8,388,608 ባይት ነው፤ ብቻውን የሊኑክስን ስታክ ሙሉ ይወስዳል፣ ለሌላው ምንም ሳያስቀር። ሲሞላ ነል የሚመልስልህ አካል የለም፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ በቃ።

ትልቅ ማትሪክስ ውስጥ ስትገባ ሌላ ጉድጓድ አለ፤ የብዜት መትረፍረፍ። ወጥ ቁራጩ ላይ ሳይዝኦፍን ለምን ከፊት እንዳስቀደምኩት አስተውለሃል? ሲ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያባዛው። ረድፍ * ዓምድ * ሳይዝኦፍ *ሀ ካልክ መጀመሪያ ሁለት ኢንቶች ይባዛሉ፣ ውጤቱም ኢንት ነው፤ ኢንት ደግሞ ከ2,147,483,647 አይበልጥም። 50,000 በ50,000 እንኳ 2,500,000,000 ስለሆነ ያልፈዋል። በተግባር ብዙ ጊዜ −1,794,967,296 ይሆንና ወደ ሳይዝ ቲ (ለመጠን ወደሚውለው፣ ከዜሮ በታች ወደማይወርደው የቁጥር ዓይነት) ሲቀየር ሰማይ ጠቀስ ቁጥር ይወጣዋል፤ ማሎክ ነል ይመልሳል፣ ያ እንኳ እድል ነው። ክፉው 65,536 በ65,536 ነው፤ ብዜቱ ተትረፍርፎ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ማሎክ(0) ደግሞ በጂሊብሲ ነል ያልሆነ አድራሻ ይሰጥሃል፤ አንተ 16 ጊጋባይት የያዝክ መስሎህ 24 ባይት ላይ መጻፍ ትጀምራለህ። ሳይዝኦፍ ከፊት ሲሆን ዓይነቱ ሳይዝ ቲ ስለሆነ ቀሪው ብዜት ሁሉ በ64 ቢት ይሰላል። ከሁሉ የሚሻለው ረድፍንና ዓምድንም በሳይዝ ቲ መያዝ ነው። ያኔ ደግሞ የኢ * ዓምድ + ጄ ስሌትም አይትረፈረፍም፤ ማሎኩን አስተካክለው ኢንዴክሱን በኢንት የሚተዉ ብዙ ናቸው።

ቁጥሩ ከተጠቃሚ ሲመጣ አስቀድመህ በኢንት ተቀብለህ ከዜሮ መብለጡን አረጋግጥ። −1 ወደ ሳይዝ ቲ ሲቀየር ከሁሉ ትልቁ ቁጥር ይሆናል። የመትረፍረፍ ፍተሻው በማካፈል ነው የሚሠራው፣ በማባዛት አይደለም፦ ረድፍ > ሳይዝ_ማክስ / ሳይዝኦፍ *ሀ / ዓምድ ከሆነ ጥያቄውን አትቀበል (ሳይዝ_ማክስ የሳይዝ ቲ ትልቁ ቁጥር ነው)።

ካሎክን በተመለከተ፣ ሜሞሪውን ዜሮ አድርጎ ይሰጥሃል፤ ማሎክ የሚሰጥህ ግን ቀድሞ የነበረውን ቅሬት ነው። ማትሪክሱን ወዲያው የምትሞላው ከሆነ ማሎክ ይበቃል፤ የምትደምርበት ከሆነ ካሎክ ያዝ። ለትልቅ ማትሪክስ «ዜሮ ማድረጉ ጊዜ ይፈጃል» ብለህ አትስጋ፦ በጂሊብሲ መነሻው 128 ኪሎባይት የሆነውን ገደብ ያለፈ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ከከርነሉ ይመጣል፣ ከርነሉ የሚሰጠው ገጽ ደግሞ ቀድሞውኑ ዜሮ ነው፤ ካሎክ ይህን ስለሚያውቅ ደግሞ አይጠርገውም። ካሎክ ሁለቱን ቁጥሮቹን ሲያባዛ መትረፍረፉንም ይፈትሻል። ግን የሚፈትሸው እሱ ራሱ የሚያባዛውን ብቻ ነው። ካሎክ(ረድፍ * ዓምድ, ሳይዝኦፍ *ሀ) ካልክ የመጀመሪያው ብዜት እሱ ዘንድ ሳይደርስ ተትረፍርፎ ሊሆን ይችላል።

ማትሪክሱን ኋላ ማሳደግ ከፈለግክ፣ በወጥ ቁራጭ ላይ ረድፍ መጨመር ቀላል ነው፤ ሪአሎክ ብለህ አዲሱን መጠን ትሰጠዋለህ፣ ነባሮቹ ቁጥሮች በቦታቸው ይቆያሉ። ውጤቱን ግን በቀጥታ ወደ ሀ አትመልስ። ሪአሎክ ካልተሳካ ነል ይመልሳል፣ አሮጌው ቁራጭ ግን አልተለቀቀም፤ ሀ = ሪአሎክ(ሀ, ...) ብለህ ከሆነ አድራሻውን በነል ደምስሰኸዋል፣ ሜሞሪው ከእጅህ ወጣ። በሌላ ፖይንተር ተቀበልና ነል አለመሆኑን አይተህ ወደ ሀ አዛውረው። ዓምድ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ የሚጀምርበት ቦታ ይለወጣል። ከ3 ዓምድ ወደ 5 ስታሳድግ ረድፍ 1 ከ3ኛው ቦታ ወደ 5ኛው ይሄዳል፣ ረድፍ 2 ከ6ኛው ወደ 10ኛው። ማዛወሩን ከመጨረሻው ረድፍ ጀምረህ ወደ ኋላ ሥራው፤ ከፊት ከጀመርክ ረድፍ 1 ሲስፋፋ ረድፍ 2ን ሳይነሣ ይደመስሰዋል። አሮጌውና አዲሱ ቦታ ስለሚደራረቡም የምትጠቀመው ሜምሙቭን ነው፣ ሜምኮፒን አይደለም። ከተሳካ ሪአሎክ በኋላ ቁራጩ ወደ ሌላ አድራሻ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ቀድሞ ወደ ውስጡ የያዝካቸው ፖይንተሮች ሁሉ ከንቱ ናቸው፤ የሠንጠረዡን መውጫ የመረጥክ ከሆነ ሠንጠረዡን እንደገና ሙላው።

ፕሮግራሙ ከአንድ መልመጃ በላይ የሚቆይ ከሆነ ሦስቱን፣ ማለትም ረድፍ፣ ዓምድና የቁጥሮቹን ፖይንተር፣ በአንድ ስትራክት ሰብስብና አንድ የመፍጠሪያ፣ አንድ የመልቀቂያ ፈንክሽን ጻፍለት። የመልቀቂያው ፈንክሽን ከፍሪ በኋላ ፖይንተሩን ነል ያድርገው፤ ፍሪ(ነል) ምንም ስለማያደርግ በስህተት ሁለቴ ቢጠራም አይጎዳም። ዋናው ሲያልቅ ሲስተሙ ሁሉን ስለሚሰበስብ ፍሪ መርሳት የማይታይበት ጊዜ አለ። ሺህ ጊዜ በሚጠራ ፈንክሽን ውስጥ 1000 በ1000 የኢንት ማትሪክስ ይዘህ ከረሳህ ግን 4 ጊጋባይት ነው።

አሁን ያንተን ኮድ፣ ከማረምህ በፊት፣ አድረስ ሳኒታይዘር በሚባለው የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያ አስኪደው። ለጂሲሲ የምትጨምራቸው ሁለት ምርጫዎች ናቸው፦ «-ጂ» እና «-ኤፍሳኒታይዝ=አድረስ»። ያለ እንከን ይሠራል ባልከው 3 በ4 ላይ እንኳ ያቆምሃል፤ «ሂፕ በፈር ኦቨርፍሎው» ብሎ፣ የ8 ባይት ጽሑፍ መሆኑንና በሉፑ ውስጥ ያለውን መስመር ቁጥር ጨምሮ ይነግርሃል። የሚያዘው በሁለተኛው ዙር፣ ኢ 1 ሲሆን ነው፤ ሀ[1] ከ8ኛው ባይት ተነሥቶ እስከ 15ኛው ሲጻፍ የጠየቅከው 12 ብቻ ነበርና። «8 ባይት ጻፈ» የሚለው ራሱ ምርመራ ነው፤ ኢንት 8 ባይት ስላልሆነ የተጻፈው ፖይንተር መሆኑን ወዲያው ትረዳለህ። እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ካልፈለግክ ቫልግሪንድ ያንኑ ይነግርሃል፤ ፕሮግራሙን ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ሊያዘገየው ይችላል፣ ሳኒታይዘሩ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም ላይ አትደርባቸው፤ አብረው አይሠሩም።

ካረምከው በኋላ 1 በ1፣ 4 በ4፣ 3 በ5፣ 1 በ1000 እና 1000 በ1 ስጠው። 0 በ5ንም ሞክር፤ የዜሮ ባይት ጥያቄ በአንዱ ላይብረሪ ነል፣ በሌላው ነል ያልሆነ አድራሻ ይመልሳል፣ ሁለቱም በሲ ደንብ የተፈቀዱ ናቸው። ስለዚህ ዜሮን ማሎክ ዘንድ ሳይደርስ መግቢያው ላይ መልሰው።